ለወንበር ጓደኛዬ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 2018

ውድ እህቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ?

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐረጎን መውጣት ብቻ ነው። እኔ ግን አራት ዓመት ፈጀብኝ። እትዬ ያረፉት በዚያ በ2014 ጥቅምት ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል ዝምታው ራሱ ከበደኝ። ምክንያት አልደረድርልሽም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።

የምነግርሽም ነገር አለኝ። ካንቺ በቀር ለማን እንደምነግረው አላውቅም።

እትዬ እንዝርታቸውን እያሾሩ እኛ እግራቸው ሥር ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ስናሰላ ትዝ ይልሻል? ዘንድሮም አሰላሁት። 5500 ላይ 2018 ስንደምር 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ትተን ወንበር የሚባለው ቁጥር 12። በ11 ሲበዛ 132፤ ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ አበቅቴ 12። ወንበሩ በ19 ሲበዛ 228፤ እንዲሁ ስንገድፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ አንድ ላይ 30። ለምን ሁልጊዜ 30 ይሆናል ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛሽኝም። ጠዋት ላይ «11 እና 19 ራሳቸው እኮ 30 ናቸው! ወንበሩ ምንም ቢሆን ድምሩ ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላል» አልሽ። ሒሳብን የወደድኩት ያን ጠዋት ነው።

የቁጥር ንድፈ ሐሳቡን ግን ትቼዋለሁ። አሁን የምሠራው በምስል ትንተና ላይ ነው። እንዳትቀየሚኝ። የሒሳብ ሊቁ ዴቪድ መምፎርድም እ.ኤ.አ. በ1974 ትልቁን የሒሳብ ሽልማት፣ የፊልድስ ሜዳሊያን፣ ያገኘው በአልጀብራዊ ጂኦሜትሪ ሆኖ፣ ኋላ ፊቱን ወደ ምስል አዙሯል።

ሥራው የጨርቅ እንከን መፈለግ ነው። ፎቶ ለኮምፒውተር የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፤ ጥቁሩ 0፣ ነጩ 255። ድርና ማጉ በእኩል ርቀት ስለሚመላለሱ ቁጥሮቹም ይመላለሳሉ። የፎሪየር ስሌት ያን ድግግሞሽ ለይቶ ያወጣዋል። የሚደጋገመውን ስታነሺው የሚተርፈው እንከኑ ነው፤ የተበጠሰ ድር፣ የዘለለ ማግ፣ የዘይት እድፍ። እኔ ሳየው ያው የእኛ ግድፍ ነው። ሠላሳውን ገድፎ ቀሪውን ማየት።

ፎቶ ላነሳ አንድ ፋብሪካ ገባሁ። ጨርቁ ከሥር መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል። አንዲት ልጅ ቆማ ታየዋለች። ካሜራዬን ሳስተካክል ጣቷን ሰደድ አድርጋ «እዚህ ጋ ማግ ጎድሏል» አለችኝ። እኔ ያየሁት ፎቶውን ካጎላሁት በኋላ ነው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይሄ ነገር ሲያልቅ እኛ የት ልንሄድ ነው?» አለች። ምንም አልመለስኩላትም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የማነበው ስለ ሥራና ደመወዝ ነው። ብላትማንና ደርኮን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እዚሁ አገራችን የሠሩት ጥናት አለ። በ5 ድርጅቶች 947 ሥራ ፈላጊዎችን ይዘው ዕጣ አወጡ። ሥራው ከደረሳቸው ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። ለሌሎች ደግሞ 300 ዶላር ገደማና ሥልጠና ተሰጣቸው፤ የቀሩት ምንም አልደረሳቸውም። በዓመቱ ገንዘቡን ያገኙት ሰዎች ገቢ ምንም ካልደረሳቸው በሲሶ ያህል በለጠ። በአምስተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ ጠፋ።

እኔን የያዘኝ ዕጣው ነው። ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ብጠይቅ የማገኘው የቆዩትን ብቻ ነው። የቆየ ደግሞ ወይ ተስማምቶታል፣ ወይ ሌላ መሄጃ የለውም። የለቀቁት በር ላይ የሉም፤ ድምፃቸው ከስሌቱ ይጎድላል። ዕጣ ከሆነ ግን ገና ከመግባታቸው በፊት ሁሉም ተመዝግበዋል። የሄደውም ያልሄደውም ይቆጠራል። እንዴት ያለ ንጹሕ ሐሳብ ነው!

አሁን የምፈልገው እንዲህ ነው። ማሽኑ ሲጠረጥር ብቻ መብራት ያብራ፤ ውሳኔው የልጅቷ ይሁን፤ ዓይኗ የሚያውቀውም ደመወዟ ላይ ይታሰብ። ግን ማሽኑ ቶሎ ቶሎ በከንቱ ካበራ ልጅቷን ያደክማታል። ቆጠብ ካለ ደግሞ እንከን ያልፋል፤ የምትጠየቀውም እሷ ናት። ወሰኑን የት ላድርገው? ሁለት ወር ሙሉ ተሟግቼበት አልወጣልኝም። አንቺ ብትኖሪ አንድ ማታ ይበቃን ነበር።

ቅዳሜ እመጣለሁ፤ አትምጪ ካላልሽኝ። ከመናኸሪያ በቀጥታ የምሄደው እትዬ ወዳረፉበት ነው። ከዚያ እናንተ ቤት። ያን ባለ ካሬ ደብተራችንን አውጥተሽ ጠብቂኝ።

የእትዬ እንዝርትስ አንቺ ጋ ነው?

እህትሽ