የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በፊደል ላይ የምትቀመጥ ነጥብ

ክበባችን የዘንድሮውን ሥራ የጀመረው ከሙዝ በጨው፣ በሳሙናና በአልኮል ዲኤንኤ በማውጣት ነበር፤ ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንሥቶ ግን አባላቱ ራሳቸው በመረጡት በአንድ ጥያቄ ላይ ቆየን፦ የዲኤንኤ ፊደላት ሳይለወጡ የጂኖች ሥራ ተዛብቶ የጉበት ሴል ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችለው እንዴት ነው?

ነገሩን ያቀለለልን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያመጣችው ምሳሌ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ ይለያያል፤ ፊደላቱ ግን ያው ናቸው፤ ልዩነቱን የምታሳየው በፊደሉ አናት ላይ የምትቀመጠው የማጥበቂያ ነጥብ ናት። በዲኤንኤም ሳይቶሲን በተባለው ፊደል ላይ ሜቲል የተባለች ትንሽ የካርቦንና የሃይድሮጅን ስብስብ ትለጠፋለች። ዲኤንኤምቲ3ኤ እና ዲኤንኤምቲ3ቢ የተባሉት ኢንዛይሞች ነጥቧን በአዲስ ቦታ ሲያኖሩ፣ ዲኤንኤምቲ1 ደግሞ ሴሉ ለመከፈል ዲኤንኤውን ባባዛ ቁጥር፣ እንደ ጠንቃቃ ቁም ጸሐፊ፣ የቀድሞውን ሰንሰለት ነጥቦች ወደ አዲሱ ይገለብጣል። ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታም አለ፤ የማጥበቂያ ነጥብ ቃሉን ወደ ሌላ ትርጉም ሲወስደው፣ በጂን መነሻ ላይ የተከማቸ ሜቲል ግን አብዛኛውን ጊዜ ጂኑን ዝም ያሰኘዋል።

እኔም በመጀመሪያው ገለጻዬ «በካንሰር ጊዜ ሜቲል ይበዛል» ብዬ ነበር፤ ግማሽ እውነት ስለሆነ በሳምንቱ ማረም ግድ ሆነብኝ። በብዙ የጉበት ካንሰሮች፣ እንደ ፒ16 ባሉ የሴል መባዛትን በሚገቱ ጂኖች መነሻ ላይ ሜቲል ሲበዛ፣ በጠቅላላው ዲኤንኤ ላይ ግን ይቀንሳል፤ መቀነሱም ክሮሞሶሞችን ያናጋል። ይህን ተቃርኖ በዶቃ ሰንሰለት ለማሳየት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ሜቲል የሚለግሱት ኮሊንና ሜታዮኒን የጎደሉት ምግብ ለረጅም ጊዜ የተመገቡ የቤተ ሙከራ አይጦች፣ ሌላ ካንሰር አምጪ ነገር ሳይሰጣቸው የጉበት ዕጢ ማውጣታቸውን ስናነብማ ክርክሩ ደወል ተደውሎም አልበረደም።

በወላጆች ቀን ብዙ ጥያቄ የተነሣው በዶቃው ላይ ሳይሆን በ«ወፍ በሽታ» ላይ ነበር። አባላቱ የዓይን ቢጫ መሆን ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አለመሆኑን፣ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት በጉበት ውስጥ ሊኖር እንደሚችል፣ ኤክስ የተባለው ፕሮቲኑም የእነዚሁን ኢንዛይሞች ሥራ እንደሚያዛባ አስረዱ፤ ክትባቱ በኢትዮጵያ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 መሆኑንና የሻገተ ለውዝና በቆሎ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊይዝ እንደሚችልም ጨመሩ። አንድ አባት «ነጥቧን የሚያነሣ መድኃኒት የለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ኢንዛይሞቹን የሚያግደው አዛሲቲዲን እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የተፈቀደው ለአንድ ዓይነት የመቅኔ ሕመም እንጂ ለጉበት ካንሰር እንዳልሆነ የመለሱላቸው ተማሪዎቹ ናቸው፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር።