ኢንሹራንሳችን አልተከተለንም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ በውጭ አገር ጡረታ ወጥተው ስለተመለሱ ኢትዮጵያውያን ያወጣችሁትን ሐተታ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለተኛውን ዓይኔን ስላላመንሁት ነው። ስለ ቤት ኪራይ የጻፋችሁት እውነት ነው። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ እንኖራለን ያላችሁትም ልክ ነው። እንቅልፍ የነሳችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ “ከአሜሪካ የተመለሱት የጤና ኢንሹራንሳቸው ስለሚከተላቸው የሕክምና ወጪ አያሰጋቸውም” የምትለዋ።

ማንን ነው የተከተለው? እኔን አልተከተለኝም። ባለቤቴንም አልተከተለውም።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ 26 ዓመት በአረጋውያን መንከባከቢያ ሠርቻለሁ። የሰው እናት አገላብጫለሁ፣ አጥቤያለሁ፣ አጉርሻለሁ። ባለቤቴ በመኪና ማቆሚያ ሌሊት ሌሊት ሲሠራ ኖሯል። ከሁለታችንም ደመወዝ ላይ ሜዲኬር ለሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን አንድም ጊዜ ሳይቀር ተቆርጧል። ስለዚህ የምጽፈው ሰምቼ አይደለም።

አምና ፍልሰታ ሊገባ ሲል ባለቤቴ ሌሊት ደረቱን ይዞ ወደቀ። በጎረቤት መኪና ሆስፒታል አደረስነው። ገንዘብ ተቀባይዋ መጀመሪያ ማስያዣ ክፈሉ አለችን። እሱ በቃሬዛ ላይ ሆኖ “ካርዴን ስጫት” ይለኛል። እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ግን በዚያ ሰዓት እምቢ ልለው አልቻልሁም። ከጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መስመር ያለባትን የሜዲኬር የወረቀት ካርድ አውጥቼ ሰጠኋት። ልጅቱ ገለበጠቻት፤ ጀርባዋን አየች፤ ወደ መብራቱ አነሣቻት። ከዚያ በመስኮቱ ሥር መልሳ ገፋችልኝና “እማማ፣ ይህ እኛ ጋ አይሠራም” አለችኝ። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ እውነቱን ነገረችኝ። ጋዜጣችሁ ያልነገረኝን እውነት ማለቴ ነው። ማስያዣውን ወንድሜ ሌሊቱን ዘመድ ቀስቅሶ ከየቤቱ ለቃቅሞ አመጣ። ባለቤቴ ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሜዲኬር በካናዳና በሜክሲኮ ድንበር አካባቢ ከሚያጋጥሙ በጣት የሚቆጠሩ ሁኔታዎችና እነሱን ከመሰሉት በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ይህ ምስጢር አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በግልጽ የሚያሳውቀው ነው። ምናልባት ዘጋቢያችሁ ሜዲጋፕ ስለሚባለው ተጨማሪ መድን ሰምቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ከዚያ ውስጥ አንዳንዱ በእርግጥ በውጭ አገር ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ጉዞ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ውስጥ ለታመመ ነው፤ ለዕድሜ ልክም ከ50,000 ዶላር አያልፍም። ይህ ለጎብኚ እንጂ አገሩ ገብቶ ጎጆውን ለቀለሰ ሰው አይደለም።

በዚህ ላይ ክፍያው አይቆምም። የሐኪም ወጪ የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል፣ ፓርት ቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መደበኛ ወርኃዊ መዋጮው 185 ዶላር ነበር፤ ከጡረታችን ላይ ሳይነገረን ይነሣል። ለምን አትተዉትም ትሉኝ ይሆናል። የተወው ሰው አንድ ቀን ታሞ ልመለስ ቢል፣ ያለ መድን ለቆየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል፤ አምስት ዓመት ከቆየ ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ቅጣቱም በአንድ ጊዜ ተከፍሎ አያልቅም፤ መድኑ እስካለ ድረስ በየወሩ ይከፈላል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ወተቷን ሳላይ መኖዋን በየወሩ እገዛለሁ።

ጡረታችንስ? እሱ ይመጣል፤ በየጊዜው የሚላክልንን ቅጽ ሞልተን እስከመለስን ድረስ አይቋረጥብንም። ነገር ግን “ሁሉም በዶላር ጡረታ ይኖራሉ” ስትሉ ልጆቻቸው በስተርጅና ወስደዋቸው አሥር ዓመት ሠርተው ጡረታ ለማግኘት ያልደረሱትን እናቶችና አባቶች የት ጣላችኋቸው? ለእነሱ የሚሰጠው የድኾች ድጎማ ከአሜሪካ ከወጡ 30 ተከታታይ ቀናት ሲሞላቸው ይቆማል። ግሪን ካርድ ብቻ የያዙት ደግሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጡ ከዓመት በላይ ከቆዩ ካርዱንም ሊያጡት ይችላሉ። እነዚህ ሰዎች በየደብሩ አጠገቤ ቆመው ያስቀድሳሉ። በሐተታችሁ ውስጥ አንዳቸውም የሉም።

የሕክምናዋን ዓረፍተ ነገር ትንሽ ስሕተት ናት ብላችሁ እንዳታልፏት። አብራኝ የሠራች ጓደኛዬ እዚያው ሜሪላንድ ናት፤ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷን ትታጠባለች። ወጪዋን የሚሸፍንላት ሜዲኬር ነው። ሐተታችሁን አንብባ ባለፈው ማክሰኞ ደወለችልኝ። ድምጿ ውስጥ የነበረውን ደስታ ብትሰሙት! “ለካ እዚያም ይሠራል፤ ትኬቴን ልቆርጥ ነው” አለችኝ። ስለ ባለቤቴ ሌሊት ነገርኋት፤ ካርዱን እንዴት እንደመለሱብኝ ነገርኋት። አላመነችኝም። እንዳትመጣ የምፈልግ ሳይመስላት አልቀረም። “ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ” ትለኛለች።

እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልኝ። ቆርጬ እልክላታለሁ።

ከአሜሪካ የተመለሰች ጡረተኛ፣ አዲስ አበባ