ማዞር ሲባል ጆሮም ይታሰብ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት የጤና ዓምዳችሁ ስለ ራስ ማዞር ያወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ደም ማነሱም፣ ግፊቱም፣ ስኳሩም፣ ምግብ ሳይቀምሱ መዋሉም ተነስቷል። ጆሮ ግን አንድም ቦታ የለም። ቅር ያለኝ በዚህ ነው፤ ባለቤቴ በዚሁ ሰበብ አራት ወር የብረት ኪኒን ስትውጥ ከርማለችና።

አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ስትገለበጥ ወይም ከመደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ቀና ስትል ቤቱ ይዞርባታል። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ይተዋታል። እዚሁ አዳማ የሄድንበት ክሊኒክ «ደም ማነስ ነው» አለን። ጎረቤት «ይቺ የአዳማ ነፋስ ናት፣ ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ይዛ መጣች (ማዞሩን ባይነካውም ሽታው ደስ ይላል)። በመጨረሻ ልጄ የሚሆን አንድ ወጣት የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ደረስን። ጆሮዋን ያያል ስንል፣ ራሷን ወደ ቀኝ አዙሮ ድንገት በጀርባዋ አስተኛትና ዓይኗን ትኩር ብሎ ማየት ጀመረ። የዓይኗ ብሌን ያለ ፈቃዷ ሲዘል እኔም አየሁት።

ጆሮና ዓይንን ምን አገናኛቸው? ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር ስለኖርኩ ሳልናገር አላልፍም። በእያንዳንዱ ውስጠኛ ጆሮ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች አሉ፤ አቀማመጣቸው ሁለት ግድግዳና ወለል ጥግ ላይ እንደሚገናኙት ነው። ራስ ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሚኒባስ ድንገት ሲነሳ የቆመው ረዳት ወደ ኋላ እንደሚንገዳገደው። ያ ግፊት ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸውን ሕዋሳት ያጎብጣል፤ መልእክቱ በሰከንድ አንድ መቶኛ ገደማ ዓይን ጋ ደርሶ፣ ዓይን ራስ ከዞረበት በተቃራኒው ይዞራል።

ያላመነ ይህንኑ ጋዜጣ ይያዝ። ራስዎን ግራና ቀኝ ቶሎ ቶሎ ያወዛውዙ፤ ፊደሉ ይነበባል። አሁን ራስዎን ገትተው ጋዜጣውን በዚያው ፍጥነት ያወዛውዙት፤ አይነበብም። ይህ ሥርዓት በሁለቱም ጆሮ የጠፋበት ሰው ሲራመድ መንገዱ ይዘልበታል። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን መርፌዎች ይህን የጆሮ ክፍል ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ እነሱን ጀምሮ መንገዳገድ የመጣበት ሰው ቶሎ ለሐኪሙ ይንገር።

የባለቤቴ ነገር ከዚያ የቀለለ ነበር። ከቱቦዎቹ ሥር ባለ ከረጢት ውስጥ ስበትን ለመለየት የሚያገለግሉ ደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች አሉ። ጥቂቶቹ ተላቀው ቱቦ ውስጥ ገብተዋል። በተገለበጠች ቁጥር ይንከባለላሉ፣ ፈሳሹን ይገፋሉ፤ ጆሮ «ዞርን» ብሎ ይዋሻል፣ ዓይንም አምኖት ይዘላል። ሐኪሙ ራሷን በተራ በተራ እያዘነበለ በጥቂት ደቂቃ ወደ ከረጢቱ መለሳቸው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ነው። ኪኒን የለ፣ መርፌ የለ፤ አንድ አልጋ ብቻ።

ማዞሩ ከንግግር መጎላደፍ፣ ከአንድ ጎን መዛል ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት ጋር ሲመጣ ግን የአንጎል ምት ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው።

ዓምዳችሁ ወደ ጉዳዩ ሲመለስ አንዲት ጥያቄ ጨምሩልን፦ «ምን ሲያደርጉ ነው የሚያዞርዎት?» በአራት ወር ውስጥ ባለቤቴን ይህን የጠየቃት ያ ወጣት ብቻ ነው።

ጡረተኛ መምህር፣ ከአዳማ