ከኢምፕላንቱ ጋር ገመዱም ይገዛ

ለጤና ሚኒስቴር
የሕክምና መሣሪያዎች ግዥ ክፍል

ጉዳዩ፦ የኮክሌር ኢምፕላንት ለተደረገላቸው ሕፃናት መለዋወጫ፣ ባትሪና የማስተካከያ ቀጠሮ በግዥ ዕቅዱ ውስጥ እንዲካተት ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ኮክሌር ኢምፕላንት ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ ወደ መስሚያ ነርቭ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው ክፍልና ከጆሮ ጀርባ የሚውለው ፕሮሰሰር (ድምፅ ተቀብሎ የሚያቀናብረው ክፍል) ብቻ ነው። በመስማት ምርመራና በንግግር ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች ግን ሐሳባችን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ዓመታት ላይ ነው።

የተቀበረው ክፍል ባትሪ የለውም። ኃይሉም ድምፁም የሚደርሰው ጭንቅላት ላይ በማግኔት ከምትለጠፈው ክብ ማስተላለፊያ ቆዳን አልፎ ነው። ማስተላለፊያዋን ከፕሮሰሰሩ የምታገናኘው ቀጭን ገመድ ከተበጠሰች ልጁ በዚያ ጆሮ አይሰማም። ገመዷ አብዛኛውን ጊዜ የምትጎዳው መሰኪያው አጠገብ ነው፤ ልጅ ይጎትታታል፣ ያኝካታል፣ ሹራብ ሲወልቅ ትያዛለች። ሽፋኑ ደህና መስሎ ውስጡ ስለሚሰነጠቅ ድምፁ ይቆራረጣል። የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ «ተቆራረጠብኝ» አይልም፤ ማስተላለፊያዋን ነቅሎ ይጥላል፣ ከዚያ «እልኸኛ ነው» ይባላል።

የማይክሮፎን ሽፋንም እንዲሁ ነው። ላብና አቧራ ሲደፍነው የፕሮሰሰሩ መብራት እንደበራ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ መብራት አይታመንም። በየጠዋቱ አፍን ከልሎ «አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ፣ ም» ማለት፣ መጀመሪያ ከቅርብ፣ ቀጥሎ ከ2 ሜትር። ልጁ ሌሎቹን ሰምቶ «ስ» ካመለጠው ቅድሚያ ሽፋኑ ይቀየር፤ ካልተሻለው ወደ ኦዲዮሎጂስት (የመስማት ባለሙያ) ይሂድ።

ባትሪ ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል። ሰነዱ የባትሪውን መጠን ቁጥር፣ «675» ብቻ ይላል። በዚህ መጠን ለተራ የመስሚያ መሣሪያ የሚሠራው ባትሪ ለኢምፕላንት የሚበቃ ኃይል ላይሰጥ ይችላል፤ «ለኮክሌር ኢምፕላንት» የሚለው ቃል መጻፍ አለበት።

ከሁሉ የሚረሳው ማስተካከያው ነው። መሣሪያው የሚከፈተው ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ በተለምዶ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ያን ቀን ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ (ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ምልክት የሚሰጥ ነጥብ) ዝቅተኛውና ምቹ የሆነው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መጠን ይለካል። መጠኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚለዋወጥ ቀጠሮው ይደጋገማል። ዝቅ ካለ ለስላሳ ንግግር ያመልጠዋል፤ ከፍ ካለ ልጁ መሣሪያውን ይጠላል። ያልተስተካከለ ፕሮሰሰር ከማጌጫ አይሻልም ብንል ማጋነን አይሆንም።

በተጨማሪ፣ በማጅራት ገትር የደነቆረ ልጅ ተራ ወረፋ ውስጥ አይግባ። ኮክሊያው (ኤሌክትሮዱ የሚገባበት የውስጠኛው ጆሮ ክፍል) በሳምንታት ውስጥ አጥንት መሙላት ሊጀምር ይችላል፤ ከሞላ በኋላ ኤሌክትሮዱን ማስገባት ይከብዳል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ሁለት ትርፍ ገመድ፣ አንድ ትርፍ ማስተላለፊያ፣ የአንድ ዓመት የማይክሮፎን ሽፋንና ባትሪ፣ እርጥበት ማድረቂያ ሣጥንም ከነማድረቂያው አብሮ ይገዛ። የአንዱ አምራች ዕቃ ለሌላው ስለማይሠራ መለዋወጫው በሞዴል ተለይቶ ይታዘዝ። ፕሮሰሰር ለጥገና ሲሄድ ተተኪ ይኑር፤ የልጁ የራሱ ልኬት ይጫንበት እንጂ የሌላ ልጅ ፕሮሰሰር እንዳለ አይሰጠው። የመጀመሪያው ዓመት የማስተካከያ ቀጠሮዎችም ከቀዶ ጥገናው ጋር በአንድ ውል ይታሰሩ።

ከአክብሮት ጋር
የመስማትና የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች