የቦኤር ጦርነት በፕሪቶሪያ አላበቃም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሁድ ስለ ቦኤሮችና (የሆላንድ ዝርያ ያላቸው የደቡብ አፍሪካ ነጮች) ስለ እንግሊዞች ጦርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። የደቡብ አፍሪካን ታሪክ በአማርኛ እንዲህ ዘርዘር አድርጎ የሚጽፍ ብዙ ስለሌለ ደስ ብሎኛል። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ነገር ግን አለ። (ቀኖቹን የምጠቅሰው እንደናንተው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ቦኤሮች በማገርስፎንቴይን ኮረብታ ያገኙትን ድል ለጄኔራላቸው ለክሮንዬ ሰጥታችሁታል። አዎ፣ አዛዡ እሱ ነበር፤ ዘዴው ግን የሌላው የቦኤር ጄኔራል የኩስ ዴ ላ ሬይ ነው። ቦኤሮች ኮረብታ አናት ላይ ሲመሽጉ እንግሊዝ ከሩቅ አይቶ በመድፍ ይደበድባቸው ነበር። ዴ ላ ሬይ ታች ግርጌው ላይ እንቆፍር አለ። ለክሮንዬ ሐሳቡ አልተዋጠለትም፤ የአንዷ የቦኤር ሪፐብሊክ የኦሬንጅ ፍሪ ስቴት ፕሬዝዳንት ስቴይን መጥቶ ለዴ ላ ሬይ ካደላ በኋላ ነው ነገሩ የተቆረጠው። ዲሴምበር 10 ቀን 1899 የእንግሊዙ ጄኔራል የሎርድ ሜቱዌን መድፈኞች ኮረብታውን ሲደበድቡ አመሹ፤ ምሽጉ ግን ታች ነው። ሌሊቱን የስኮትላንዶች ብርጌድ በዝናብና በድቅድቅ ጨለማ ተጠጋግቶ ሲገሰግስ አደረና ሊነጋጋ ሲል ፊት ለፊቱ ካለው መሬት ውስጥ ተኩስ ተከፈተበት። አዛዡ ሜጀር ጄኔራል ዋኮፕ ገና ከመጀመሪያው ወደቀ። የተረፉት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ዋሉ፤ ቀና ያለ ይመታል። የሚለብሱት አጭር ቀሚስ ስለሆነ ከጉልበታቸው በስተጀርባ ያለው ቆዳ በፀሐይ ተቃጠለ። ከ900 በላይ ሰው ሞቶ፣ ቆስሎ ወይም ጠፍቶ እንግሊዞች በማግስቱ አፈገፈጉ።

ክሮንዬማ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1900 ፓርደበርግ ላይ ከ4 ሺህ ያህል ሰው ጋር እጁን ሰጠ። እናንተም ታሪኩን ብዙ ሳትገፉ፣ የእንግሊዝ ጦር ዋና አዛዥ ሎርድ ሮበርትስ ጁን 5 ከቦኤሮች ዋና ከተሞች አንዷ ወደሆነችው ፕሪቶሪያ ሲገባ ዘጋችሁት።

ጦርነቱ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው ያበቃው! የቦኤር ጄኔራሎቹ ዴ ቬት፣ ቦታ፣ ዴ ላ ሬይ ወደ ሽምቅ ውጊያ ገቡ። ማርች 7 ቀን 1902 ዴ ላ ሬይ ትዌቦስ ላይ ያንኑ ሜቱዌንን አቁስሎ ማረከው፤ ከዚያ ደግሞ ሐኪም እንዲያየው ወደ ወገኖቹ ላከው። ስለ አዛዦች እየጻፉ ይህን መተው ምን ማለት ነው?

ከሁሉ የከነከነኝ ሮበርትስን ተክቶ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የሆነው የሎርድ ኪችነር ነገር ነው። እርሻና ቤት አስቃጠለ፤ ሴቶችና ሕፃናት በማጎሪያ ካምፕ ታጎሩ። ከ26 ሺህ በላይ ቦኤሮች በበሽታና በረሃብ እዚያ አለቁ፣ አብዛኞቹ ልጆች። ጥቁሮች ለብቻቸው በተከለሉ ካምፖች ታጉረው ነበር፤ ከነሱም የተመዘገቡት ሟቾች ብቻ ከ14 ሺህ ይበልጣሉ። በጽሑፋችሁ አንድም ጥቁር የለም። ለሁለቱም ወገን ምሽግ የቆፈረው፣ ጋሪ የነዳው፣ መልእክት ያደረሰው ማን ሆነና? ሜይ 31 ቀን 1902 በተፈረመው የፌሬኒኺንግ ውል ደግሞ የጥቁሮች የመምረጥ መብት ነገር ነጮቹ ራሳቸውን ማስተዳደር ከጀመሩ በኋላ ይታያል ተብሎ ተገፋ።

እባካችሁ፣ ከጁን 1900 ወዲህ ያለውን በሁለተኛ ክፍል አውጡልን። የክሮንዬንም ነገር አርሙት።

የዘወትር አንባቢያችሁ