ለአባባ፣ ስለ ውሃ ላይ ሹፌሮች

በርሚንግሃም፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ከቤትሽ ጀርባ የሚታየው ውሃ ወንዝ ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። ወንዝ አይደለም፤ ሰው በዶማና በአካፋ የቆፈረው የጀልባ ቦይ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ ታሪኩን ከማንም ይልቅ እርስዎ ስለሚረዱት በደንብ ልጽፍልዎ ብዬ ተቀመጥሁ።

የብሪጅዎተር መስፍን የሚባል ባላባት ከራሱ የማዕድን ጉድጓድ ወደ ማንቸስተር የድንጋይ ከሰል የሚያጓጉዝበት ቦይ አስቆፍሮ በ1761 ሥራ አስጀመረ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ)። የከሰል ዋጋ በከተማው በግማሽ ወረደ። በዚያ ዘመን የጭቃ መንገድ ላይ አንድ ፈረስ ሁለት ቶን ከጎተተ ትልቅ ነገር ነው፤ ውሃ ላይ ግን ያው ፈረስ ከ25 እስከ 30 ቶን ይስባል። ይህን ያዩ ነጋዴዎች በየአገሩ ቦይ ማስቆፈር ጀመሩ፤ የእኛም ከተማ በ1769 ደረሰው። ፈረሶቹ ከዳር ሆነው ጀልባ የሚጎትቱበት ገመድ ከቤቴ አጠገብ ባለው ድልድይ ሥር ሲያልፍ ብረቱን እንደ መጋዝ ቆርጦት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ትቷል።

ጀልባዎቹ 21 ሜትር ያህል ይረዝማሉ፣ ወርዳቸው ግን ከ2 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቦዩ ዳገት ሲገጥመው በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይገባሉ፤ የኋላው በር ተዘግቶ ከላይ ውሃ ሲለቀቅ ጀልባው ከነጭነቱ ከፍ ይላል። ገንዳዎቹ በጠባቡ ስለተሠሩ ጀልባውም ጠባብ ሆኖ ቀረ። ተራራ ሲመጣ ደግሞ ዋሻ ነው። በ1811 የተከፈተው የስታንዴጅ ዋሻ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ፈረስ የሚሄድበት ጠርዝ የለውም። ሰዎቹ በጀርባቸው ተኝተው ግድግዳውን በእግራቸው እየረገጡ ጀልባውን ይገፉ ነበር። የጣርማ በርን መሿለኪያ በእግር እየገፉ ማለፍን ያስቡት!

ይህን ሁሉ ለማወቅ ያነሳሱኝ ከምንከባከባቸው አረጋውያን አንዷ ናቸው። ጀልባ ላይ ተወልደው ጀልባ ላይ ያደጉ ሴት ናቸው። ሰዎች በቦዩ ዳር ቆመው «እንዴት ያለ ነጻ ሕይወት ነበር!» ሲሉ ይናደዳሉ። እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ጀልበኛ በየብስ ላይ ቤት ነበረው። ከ1840ዎቹ ወዲህ ባቡር ጭነቱን ሲሻማና ዋጋው ሲወርድ ግን ለሠራተኛ የሚከፈለውንና የቤት ኪራዩን ለማትረፍ ብዙዎች ሚስትና ልጆቻቸውን ጀልባው ላይ ጫኑ። መኖሪያቸው ከኋላ ያለች 3 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ክፍል ናት። ምድጃው፣ አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ አራስ ልጅ፣ ሁሉም እዚያው። በሩና የመጠጥ ውሃ መያዣው ላይ ጽጌረዳና ግንብ ይሥላሉ፤ ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው ያንን ነው። ክፍያው በባል ስም ይመጣል፤ ሚስት መሪ ይዛ፣ የገንዳ በር ከፍታ፣ አብስላ፣ በስሟ አንድ ሳንቲም የለም። እማዬ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ነገር ልምጣ። ከ1912 ጀምሮ ቦሊንደር የሚባል የስዊድን ሞተር ቀስ በቀስ ፈረሱን ተካ። ለማስነሳት የሞተሩን ራስ መጀመሪያ በላምባ እሳት ማጋል ያስፈልጋል። የኋላ ማርሽ ስለሌለው ወደ ኋላ ለመሄድ ሞተሩ ራሱ በተቃራኒው እንዲዞር ይደረጋል፤ ይህም በጆሮ ብቻ የሚያዝ ጥበብ ነበር። ሞተር ያለው ጀልባ ሌላውን ከኋላ ይጎትታል። ልክ እንደ እርስዎ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው! ሁለቱ ተደምረው 50 ቶን ያህል ይጭናሉ፤ ባል ፊተኛውን፣ ሚስት ተሳቢውን ይመራሉ።

የእኔዋ አሮጊት በስድስት ዓመታቸው በርጩማ ላይ ቆመው መሪ ይዘዋል። ከዚያ በፊት ውሃ ውስጥ እንዳይወድቁ ወገባቸው ከጭስ ማውጫው ጋር ይታሰር ነበር። ከፍ ሲሉ በብስክሌት ቀድመው እየሄዱ የገንዳዎቹን በሮች ማዘጋጀት ሥራቸው ሆነ። ትምህርት ቤት የገቡት ጀልባው በቆመበት ቀን ብቻ ስለሆነ ማንበብ የተማሩት ከተዳሩ በኋላ ነው። ጆርጅ ስሚዝ የሚባል፣ በልጅነቱ ጡብ ፋብሪካ የሠራ ሰው ጮሆ ጮሆ በ1877 ጀልባዎቹ እንዲመዘገቡና የሚያድርባቸው ሰው ቁጥር እንዲወሰን ሕግ አስወጥቶ ነበር። ለልጆቹ ትምህርት ግን ያን ያህል አልፈየደም። በስቶክ ብሩርን መንደር ሜሪ ዋርድ የተባሉ ነርስ ጀልበኞችን በገዛ ቤታቸው ያክሙ ነበር፤ አሮጊቷ ስማቸውን ሲጠሩ እንደ ዘመድ ነው።

ሥራውን የጨረሰው ማን እንደሆነ ልንገርዎ? የእርስዎ ሙያ ነው። ባቡር አደከማቸው፣ የጭነት መኪና ገደላቸው። ካድበሪ እንኳን (ያ ባለፈው የላክሁት ቸኮሌት) ከናይተን ፋብሪካው በጀልባ የሚያስመጣውን ጭነት በ1961 አቆመ። በ1962 መጨረሻ የጀመረው ክረምት ቦዩን ለሳምንታት በረዶ አደረገው፤ ጀልባዎቹ ባሉበት ተጣብቀው ቀሩ፣ ደንበኛው ወደ መኪና ሄደ፣ ሄዶም አልተመለሰም። በ1970 ከአትርስተን ወደ ምዕራብ ለንደን የማርማላታ ፋብሪካ ከሰል የሚያመላልሱት ሲያቆሙ የረጅሙ መንገድ ሥራ በዚያው አበቃ። እርስዎ ያኔ ገና ረዳት ነበሩ መሰለኝ።

ኮቨንትሪ አጠገብ ሀውክስበሪ የሚባል ቦታ አለ፤ ጀልበኞች ትእዛዝ እስኪመጣላቸው ተሰልፈው የሚጠብቁበት። ጭነት ከሌለ ገንዘብም የለም። አሮጊቷ ይህን ሲነግሩኝ ከልጅነቴ የማስታውሰው የእማዬ «አሰብ ወረፋ ይዟል» የሚለው ቃል መጣብኝ። እርስዎ ግን ስለዚያ ወረፋ አንድ ቀን በወጉ ነግረውን አያውቁም። በ1998 ወደቡ ለእኛ ሲዘጋ ቤት ገብተው ዝም አሉ።

ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ይዞ አጠገብዎ ይቀመጥና ይቅዳልኝ። ከባቲ ቁልቁል ስትወርዱ ፍሬን ቢግል ምን ታደርጉ ነበር? በአሰብ ሙቀት የት ትተኙ ነበር፣ ከመኪናው ሥር ወይስ ከጭነቱ ላይ? ረዳትዎ የነበረው ያ ዘፋኙ ልጅ የት ደረሰ? ኤንትሬዋንስ ለማን ሸጡ፣ በስንት? እማዬ «ደክሟቸዋል» ካሉ ለነገ ይተዉት፣ ግን አይርሱት።

እማዬንና ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። የጉልበትዎን መድኃኒት በሚመጣው ሰው እልካለሁ።

አክባሪ ልጅዎ