ክራሩ ስድስት፣ ማሲንቆው አንድ፦ የእንግሊዝኛ መዝሙር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ባለፈው ዓመት መጽሔት የክበባችን ድርሻ ሁለት መስመር ነበር፤ እሱም ከእግር ኳሱ ዋንጫ ፎቶግራፍ ሥር። ዘንድሮ አንድ ገጽ ስለ ተፈቀደልን አመሰግናለሁ፤ ገጹንም ሳላስተርፍ እጠቀምበታለሁ።

ክበቡ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እንግሊዝኛን በመዝሙር የሚለማመዱበት ነው። ጥቅምት ላይ 31 አባላት ተመዘገቡ፣ ደንብ ጸደቀ፣ ሊቀ መንበር ተመረጠች (የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ጸጥታ በማስከበር ግን ከእኔ ትበልጣለች)። የቀረውን ስብሰባ በዚሁ ልለፈው።

መጀመሪያ ከስልኬ ላይ የውጭ አገር የልጆች መዝሙሮች እያሰማሁ ሞከርኩ። ልጆቹ ወደዷቸው፤ ክራራችን ግን አልተቀበላቸውም። ክራር በትዝታ ሲቃኝ ያለው አምስት ድምፅ ነው፤ ስድስተኛው አውታር የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይደግማል። እነዚያ መዝሙሮች ደግሞ እኛ ዘንድ የሌሉ ድምፆች ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዜማውን ራሳችን ሠራነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ይህን ማስተማር አላስፈለገኝም። ወንዶቹ በቡሄ፣ ሴቶቹ በእንቁጣጣሽ ሠፈር የሚዞሩት በዚሁ ነው። ብዙዎቹ የሸማኔ ልጆች ስለሆኑ ምትንም ከመወርወሪያው ድምፅ ለምደው መጥተዋል።

ግጥሙ ቀላል ነው፦ «ዲስ ኢዝ ኤ ክራር፣ ኢት ሃዝ ሲክስ ስትሪንግስ» (ይህ ክራር ነው፤ ስድስት አውታር አለው)። ቀላል ያልኩት ለጻፈው ነው። በመጨረሻዋ ቃል ላይ ብቻ ሁለት ወር ቆይተናል። አፋችን ሦስት ተነባቢ ተደራርቦ ሲመጣበት ወይ ከፊቱ «እ» ያስቀድማል፣ ወይ መሐሉን በአናባቢ ይከፍታል፤ «እስቲሪንግስ» ይሆናል። ደጋግሞ በማስነገር አልተስተካከለም። ቃሉ በአንድ የከበሮ ምት ውስጥ እንዲያልቅ ሲገደድ ግን እየጠበበ መጣ። መጨረሻ ላይ ያለችው የብዙ ቁጥር «ስ» ደግሞ ሌላ ጣጣ ናት። እኛ ገበያ ወጥተን ስድስት በግ እንገዛለን እንጂ ስድስት በጎች አንልም፤ ቁጥሩ ከተጠራ ብዙ መሆኑ ታውቋል። ልጆቹ «ሲክስ ስትሪንግ» ቢሉ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ሕግ ማክበራቸው ነው። ጭብጨባውን «ስ» ላይ አደረግነው፤ ከዚያ ወዲያ የረሳት የለም።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚባለውን አውቃለሁ፦ «እንደ በቀቀን ሸመደዱ እንጂ እንግሊዝኛ መቼ ቻሉ?» መልሴ ሁልጊዜ የቄስ ትምህርት ቤት ነበር። ግዕዝ የኔታ ዘንድ የገባው በዜማ ነው፤ በመድረሳም ዐረብኛው እንዲሁ። አንድ ባልደረባዬ ግን «ዳዊት የደገመ ሁሉ ግዕዝ ይሰማል እንዴ?» ብለው ዝም አሰኙኝ። እውነታቸውን ነው። አባቴም ዳዊቱን በቃላቸው ይወጡታል፤ ትርጉሙን ግን ካህን ይጠይቁ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወርደን፣ በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለውን ሙዚየም ጎበኘን። የሄድነው በእግር ነው፤ ለመኪና የተያዘ በጀት አልነበረም። የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ዘንድ ስንደርስ አንዲት የውጭ አገር ጎብኚ ጎንበስ ብላ ክራሩ ምን እንደሆነ አንዱን ልጅ ጠየቀችው። ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ በአማርኛ እንኳ ሲጠየቅ ጫማውን የሚያይ ነው። ልመልስለት አፌን ስከፍት እሱ ዘፈነው። ተናገረው አላልኩም፤ ከነጭብጨባው ዘፈነው። ሴትየዋ ሳቀችና ወደ በገናው ጠቆመች። በገና ግጥማችን ውስጥ የለም። ልጁ ጣቱን አንስቶ አውታሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። «ዲስ ኢዝ ኤ በገና፣ ኢት ሃዝ ቴን ስትሪንግስ።» ቀጥሎ ማሲንቆ ሆነ። «ኢት ሃዝ ዋን ስትሪንግስ» አለና ቆመ። ለማጨብጨብ የተዘረጉት እጆቹ እንደ ተዘረጉ ቀሩ። ማሲንቆውን እንደገና አየው። «ዋን ስትሪንግ» አለ፤ አላጨበጨበም።

እኔ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። በቀቀን አንድ አውታር አይቶ «ስ» አይቀንስም። ለባልደረባዬ ይህን ስነግራቸው «አንድ ልጅ ነው» አሉኝ። አዎ፣ አንድ ልጅ ነው።

ያልተሳካም አለ። በወላጆች ቀን መብራት ጠፍቶ ድምፅ ማጉያው ስለ ተዘጋ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ የነበሩት አልሰሙንም። አራት ልጆችም የሚወስዷቸው ታላላቆቻቸው ፈረቃ ሲቀየር ከክበቡ ቀሩ።

ክራሩ የእኔ ነው፤ ከበሮው ከአንድ ወላጅ የተዋስነው። ሁለት ክራር፣ መለዋወጫ አውታርና አንድ ከበሮ እንዲገዛልን ያስገባነው ደብዳቤ ከኅዳር ጀምሮ መልስ ይጠብቃል። የእግር ኳስ ክበብ ዘንድሮ አዲስ ማልያ ለብሷል፤ ከልቤ ደስ ብሎኛል። አሥራ አንድ ማልያ በተገኘበት ቤት አንድ ከበሮ ይጠፋል ብዬ አላምንም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱም (ወተመህ) ይህን ገጽ እንደሚያነብ ተስፋ አለኝ።

ከበሮው ሰኔ 30 ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ያ የማሲንቆው ልጅ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ ለመስከረም ከቤት ቢጫ ጀሪካን እንደሚያመጣ ቃል ገባልኝ። ውሃ በሚመጣበት ቀን ግን እናቱ እንደማትሰጠው አስቀድሞ አስጠንቅቆኛል።